ሁሉ ነገር በሚወራበት ከተማ ስለ ሱስ ለምን አይወራም?

ድሬዳዋና ሐረር የጨዋታ ከተሞች ናቸው። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ሙቀቱ መንገዱን ጭር ሲያደርገው፣ በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ በሳቢያንም ሆነ በጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉ ቤቶች ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ትራስ ተደርድሮ፣ ውኃው፣ የሻይ ፔርሙዙና ለውዙ ቀርቦ በርጫ፣ ማለትም የጫት መቃሙ ሥነ ሥርዓት፣ ይጀመራል። እዚያ የማይነሳ ጉዳይ የለም፤ ከእግር ኳስ እስከ ፖለቲካ፣ ከገበያ ዋጋ እስከ ትዳር ሁሉም ይበለታል። የቢሮ ኃላፊውና ሹፌሩ፣ መምህሩና የቀድሞ ተማሪው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ይከራከራሉ። አንቱታ ብዙም ባልተለመደበት በድሬዳዋ በተለይ ሰው የልቡን ሳይደብቅ መናገሩ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስወቅሰው አይደለም። ይሁን እንጂ በዚያው ጨዋታ መካከል አንድ ሰው ተነስቶ «እኔ ይህን ነገር ማቆም አቃተኝ» ቢል ቤቱ ይቀዘቅዛል። ወይ ይሳቅበታል፣ ወይ «ጫቱ አልያዘህም መሰለኝ» ተብሎ ይታለፋል፣ ወይም ደግሞ ጨዋታ እንደሚያበላሽ ሰው ተቆጥሮ በሚቀጥለው ቀን ሳይጠራ ይቀራል።

ከሱስ ለመውጣት የሚሞክር ሰው በእኛ አካባቢ ቅጠሉን ወይም መጠጡን ሲተው ከሰዓት በኋላውን፣ ጓደኞቹንና የሚያወራበትን ቦታ አብሮ ያጣል። በመሆኑም በየሰፈሩ፣ በየወጣት ማዕከሉና በየሃይማኖት ተቋሙ የሚቋቋሙ የማገገሚያ ቡድኖች ከምንም በፊት ያንን የመነጋገሪያ ቦታ መልሰው መስጠት አለባቸው ብዬ አምናለሁ። በተግባር ግን ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ስብስቦች አንድ ሰው የሚመክርባቸው፣ ሌላው አንገቱን ደፍቶ የሚሰማባቸው ናቸው። ንግግሩን የሚዘጉት፣ ሲደጋገሙ እውነት መስለው የኖሩ አባባሎች ናቸው። ክፉ ሰው የፈጠራቸው አይደሉም፤ አብዛኞቹ እናትና አባት፣ ሼኹና ቄሱ፣ አንዳንዴም የጤና ባለሙያው ሳይቀር በቅን ልብ የሚናገሯቸው ናቸው።

በምሥራቁ ክፍል ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው «ጫት ባህል እንጂ ሱስ አይደለም» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት መሆኑን መቀበል ያስፈልጋል። ጫት በሐረርጌ ለዘመናት በዱዓ፣ በሠርግ፣ በእርቅና በሐዘን ቤት ሲቀርብ ኖሯል፤ ገበሬው ለሥራ የጠራቸውን ጎረቤቶቹን ያስተናግድበታል፤ ብዙ አዛውንትም ዕድሜያቸውን ሙሉ በልክ ቅመው፣ ቤታቸውን አስተዳድረው፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ሆኖም አንድ ነገር ባህል መሆኑ ሱስ ከማስያዝ አያግደውም። ጠላና ጠጅም ባህል ናቸው፤ በመጠጥ የተፈታ ትዳር ግን በየሰፈሩ አለ።

በቅጠሉ ውስጥ የሚገኘው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክስ ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ በአወቃቀሩም ሆነ በአሠራሩ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካል ከተለመደው በላይ እንዲለቀቅ ያደርጋል። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖን በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ በአብዛኛው ተለውጦ ካቲን ወደሚባል እጅግ ደካማ ንጥረ ነገር ይሆናል። ከጫት ገበያዋ ከአወዳይ የሚነሱት መኪኖች የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በዚያ ፍጥነት የሚወርዱት፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌላንድ የሚሻገረው ጫት ሰዓቱ የሚቆጠረው፣ ነጋዴዋም እስሩን እንዳይደርቅ ጠቅልላና ውኃ አርከፍክፋ የምትይዘው ለዚህ ነው። ካቲኖን በአሁኑ ወቅት እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት መሠረት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ካሉት ውስጥ ይመደባል፤ ቅጠሉ ራሱ ግን በዚያ ስምምነት ውስጥ የለም።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመው አባባል ደግሞ «ጫት የቃመ ያብዳል» የሚለው ነው። በትምህርት ቤት ክበቦችና በአንዳንድ የቅስቀሳ መድረኮች ጫት ከሄሮይን ጋር በአንድ ረድፍ ተሰልፎ ሲቀርብ እንሰማለን። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ2006 መርምሮ፣ ጫት ሱስ የማስያዝ አቅሙ ዝቅተኛ በመሆኑ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲውል አልመከረም፤ ጉዳቱ ግን በትምህርትና በቅስቀሳ ሊቀነስ እንደሚገባ አመልክቷል። ማስፈራሪያው ከልኩ ሲያልፍ ራሱን ያፈርሳል፤ አያቱ ለ50 ዓመት ሲቅሙ ያየ ወጣት «ያብዳል» የሚለውን ሰምቶ ይስቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚነገረውን እውነትም አይሰማም። እውነቱ መስማት የሚገባው ነው፦ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የሆድ ድርቀት፣ የደም ግፊትና የልብ ምት መጨመር በተደጋጋሚ የተመዘገቡ ጉዳቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከጎረቤታችን ከሐርጌሳ የወጣ ጥናት ደግሞ በልጅነት መጀመርና ከመጠን በላይ መቃም ከከባድ የአእምሮ ሕመም ምልክቶች ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የሚቅም ሁሉ አይታመምም፤ አንዳንዱ ግን በጠና ይታመማል። በማገገሚያ ቡድን ውስጥ ሁለቱን ሐቆች አንድ ላይ መናገር ካልተቻለ አንዱ ወገን ይዋሻል፣ ሌላው ይኮርፋል።

ታዲያ ማን ሱሰኛ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበት የቆዩት ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም የሚያያቸው ምልክቶች ስድስት ናቸው፤ ብርቱ አምሮት ወይም በእኛ ቋንቋ ሐራራ፣ ሲጀምሩ ልክን መጠበቅ አለመቻል፣ ሲያቆሙ የሚመጣ የአካልና የስሜት ሕመም፣ የበፊቱን ስሜት ለማግኘት መጠኑን እየጨመሩ መሄድ፣ ሌሎች ደስታዎችንና ኃላፊነቶችን ችላ ማለት፣ ጉዳቱን እያወቁ መቀጠል። ከነዚህ ቢያንስ ሦስቱ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ አብረው ከታዩ ሱስ ይባላል። የሚቃመው ዓይነትና ዋጋ፣ የሚቀመጡበት ቤት ክብር፣ የቃሚው ትምህርትና ሥልጣን በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖራቸውን ልብ ይሏል።

ከዝርዝሩ ጋር ሳይተያይ በየቤቱ የሚሠራ አንድ የራስ ፈተናም አለ። «ረመዳን ሙሉውን ቀን አልቅምም፤ ሱሰኛ ብሆን እንዴት እችል ነበር?» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ አንድ ብርጭቆ እንዳልቀመሰ ይናገራል። ይህ ክርክር ቅን በመሆኑ በጥንቃቄ ሊመለስ ይገባዋል። በረመዳን ወቅት በከተሞቻችን የሚሆነውን የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው፣ ብዙው በርጫ ሰዓቱን ይለውጣል እንጂ አይቆምም፤ ከኢፍጣርና ከተራዊህ በኋላ ተጀምሮ እስከ ስሑር የሚዘልቅ አለ። ሁዳዴን የታገሰው ጠጪም የፋሲካን ዕለት ሲጠብቅ መክረሙን ቤተሰቡ ያውቃል። ጾም ትልቅ አቅም ይሰጣል፤ ዙሪያው ሁሉ አብሮ ይጾማል፣ የሚያበቃበት ቀን ይታወቃል፣ ትርጉሙም ከራስ በላይ ነው። ስለዚህ ጾሙን መጠበቅ መቻል ሱስ የለም የሚል ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ይልቁንም በቡድን ውስጥ ቢጠየቅ ፍሬ የሚሰጠው ጥያቄ «በጾሙ ወቅት ምን ረዳህ? ከዒድ ማግስት ወይም ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላስ ምኑ ጎደለ?» የሚለው ነው። ከዚህ የሚወጣው መልስ ሰውዬው ለመቆም የሚያስፈልገውን በትክክል የሚያመለክት ነው።

«ልቡ ቢቆርጥ ይተወው ነበር» የሚለው ፍርድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሱስ የአንጎልን የሽልማትና የራስ መቆጣጠሪያ ክፍሎች አሠራር እንደሚለውጥ፣ ለሱስ ተጋላጭነት ውስጥ የዘር ውርስ ድርሻ ግማሽ ያህል እንደሚሆን የሚያሳዩ ጥናቶች ዛሬ ብዙ ናቸው። የአካባቢ ድርሻ ግን በእኛ ዘንድ ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት ይገባል። ሊ ሮቢንስ የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ተከታትላ፣ እዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱስ ይዟቸው ከነበሩት መካከል አብዛኞቹ አገራቸው ከገቡ በኋላ ወደ ሱሱ እንዳልተመለሱ አረጋግጣለች። የፈቃዳቸው ጥንካሬ በአንድ ጀንበር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው፣ ጓደኛውና የዕለቱ ውሎ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ግን ሕክምናውን ጨርሶ የሚመለሰው ወደዚያው ሰፈር ነው። ከበሩ ሲወጣ የጫት መደብ፣ ከመደቡ አጠገብ የለስላሳና የሲጋራ ሱቅ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት የሚጠብቁት ጓደኞቹ አሉ። እንዲህ ያለውን ሰው «ልብህ አልቆረጠም» ማለት የችግሩን አብዛኛውን ክፍል ከዓይን ሰውሮ ጥፋቱን በእሱ ላይ መጫን ነው።

አሁን ወደ አደገኛው አባባል እንለፍ፤ «ወንድ ልጅ በአንድ ቀን ቆርጦ ይተዋል» ወደሚለው። ለጫት ብቻ ከሆነ፣ በአንድ ቀን ማቆም ብዙውን ጊዜ ሕይወትን አያሰጋም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በድብርት፣ በንጭንጭ፣ በእንቅልፍ ብዛትና በድካም ያልፋሉ፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው በሐረርና በአካባቢው ዱካክ የሚባለው ነው። ደረት ላይ የሚቀመጥ፣ የሚያንቅ፣ የሚያባርር፣ አንዳንዴም «ለምን አትቅምም?» ብሎ የሚቆጣ ሕልም ነው። ብዙዎች ዱካክን የቅጠሉ መንፈስ ቅጣት አድርገው ስለሚያምኑ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሌሊት ፈርተው ወደ ጫቱ ይመለሳሉ፤ ያዩትን ለሰው ለመናገርም ያፍራሉ። በሕክምናው ዓይን ግን ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። አነቃቂ ነገር ለረጅም ጊዜ ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ጨቁኖት ስለቆየ፣ ጫናው ሲነሳ ሕልሙ በብዛትና በኃይል ይመለሳል፣ ከጊዜ በኋላም ይረጋጋል። ከዚህ በፊት ያለፈበት ሰው «እኔም አይቼዋለሁ፣ ያልፋል» ቢለው ለጀማሪው ከብዙ ምክር የበለጠ ይጠቅመዋል፤ ይህን ሊለው የሚችለው ግን ስለ ዱካክ ያለ ሐፍረት የሚወራበት ቦታ ካለ ብቻ ነው።

አልኮል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ጭንቀት ሊጀምረው ይችላል፤ በሁለት ቀን ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ አንዳንዶች ላይ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ከፍተኛ ትኩሳትና የልብ ምት መዛባት ይመጣል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። ሕክምናው የታወቀና ዋጋውም ከባድ ያልሆነ ነው፤ ዲያዚፓምን የመሳሰሉ መድኃኒቶች በሐኪም ክትትል ይሰጣሉ፣ ቫይታሚን ቢ1 ይጨመራል፣ ፈሳሽ ይተካል። በከተሞቻችን ጉዳዩን የሚያወሳስበው ጨብሲ ነው። ከሰዓት በኋላውን የቃመ ሰው ምርቃናውን ለመስበርና እንቅልፍ ለማግኘት ማታ ቢራ ወይም አረቄ ይጠጣል፣ ጠዋት ድካሙን ለማራገፍ ኢጃበናውን፣ ማለትም የጠዋት ጫቱን፣ ይዞ ይቀመጣል፤ ክቡ እንዲህ ይዘጋል። እንዲህ ያለው ሰው ራሱን «ቃሚ» እንጂ «ጠጪ» ብሎ ስለማይጠራ፣ ጫቱን በቆራጥነት ሲተው መጠጡንም አብሮ ይተዋል፤ በሦስተኛው ቀን ሲቃዥ ቤተሰቡ ዱካክ ወይም ጂን መስሎት ከሆስፒታል ያስቀረዋል። በየማገገሚያ ቡድኑ ለአዲስ አባል የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማታ ማታስ ትጠጣለህ?» መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው። የእንቅልፍ ክኒንና ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የሚጠቀሙ ወጣቶችም በተመሳሳይ ያለ ሐኪም በድንገት ባያቆሙ ይመረጣል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ፣ በጸበልና በሕክምና፣ በዱዓና በመድኃኒት መካከል ምረጡ የሚል ክርክር አለ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ደርሶ «ሁለተኛ አልነካም» ብሎ የሚሳል ሰው፣ ስለቱ የሚሰጠው ብርታት እውነተኛ ነው። ሐኪም ሊሰጠው የማይችለውን ተስፋና ምስክር ያገኛል። ጸበሉም ሆነ ቁርኣኑ ክኒን እንዳይውጥ አይከለክለውም፤ ሐኪሙም ጸሎቱን እንዲተው አያዘውም። የሚያጣሉት ሰዎች ናቸው።

አሁን በማገገሚያ ስብስቦች ውስጥ ንግግርን በቀጥታ ወደሚያፍነው እምነት እንመጣለን፦ «ስለ ሱስ ማውራት ሐራራ ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህ አይነሳ።» ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ያቆሙ ሰዎች በመሆናቸው በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ሰው በፊት የቃመበትን ቤት፣ የቅጠሉን ዓይነት፣ የምርቃናውን ጣፋጭ ሰዓት እየዘረዘረ ሲያወራ የሚሰማው ሁሉ አፉ እንደሚደርቅ እውነት ነው፤ አንጎል ከሱሱ ጋር ያያዛቸው ምልክቶች አምሮት እንደሚያስነሱ በጥናትም የተረጋገጠ ነው። ነገር ግን ስለ ምርቃና ማውራትና ስለ ሐራራ ማውራት የተለያዩ ናቸው። «ትናንት 8 ሰዓት ላይ በጣም አሰኘኝ፤ እግሬ ወደ አሸዋ ገበያ እየወሰደኝ ነበር፤ እህቴ ጋ ደውዬ አርባ ደቂቃ ሳወራት አለፈልኝ» የሚል ሰው ሐራራ እንደሚመጣና እንደሚሄድ ለሚሰሙት ሁሉ እያስተማረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ፣ መጠጥ ለማቆም ይታገል የነበረ ቢል ዊልሰን የተባለ ሰው ሊጠጣ ሲቃረብ ሌላ ጠጪ ፈልጎ አነጋገረ፤ ያነጋገረው ዶክተር ቦብ ስሚዝ ነበር፤ ከሁለቱ ንግግር የተወለደው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ እንቅስቃሴ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም ያወጣው ግምገማም ሰዎችን ከእንዲህ ዓይነቱ የመነጋገሪያ ስብስብ ጋር በሥርዓት የሚያገናኝ ሕክምና፣ ያለማቋረጥ ከመጠጥ ርቆ በመቆየት ረገድ ከሌሎች የንግግር ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳስገኘ ደምድሟል። ይህ ስለ አልኮል የተባለ ነው፤ ለጫት እንዳለ አይገለበጥም። ዝምታ ይጠቅማል የሚለውን ግን አይደግፍም።

ስለዚህ መፍትሔው ርዕሱን መዝጋት ሳይሆን አነጋገሩን መግራት ነው። ዋጋና ዓይነት አይጠራም፤ የደስታው ሰዓት አይተረክም፤ የተሰማው ጭንቀት፣ የረዳው ነገርና የወደቀበት ምክንያት ግን ሳይሸራረፍ ይነገራል። እንዲህ ያለውን ልማድ የሰብሳቢ ተግሣጽ አያመጣውም፤ በመጀመሪያው ቀን አባላቱ ራሳቸው ተስማምተው ሲይዙት ይጸናል።

አንድ ቀን የወደቀን ሰው «አለቀለት» የሚል ፍርድም አለ። በሕክምናው ዓለም በሰፊው የሚጠቀሱ አኃዞች እንደሚያሳዩት፣ ለሱስ ከታከሙ ሰዎች መካከል ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ተመልሰው ይጠቀማሉ፤ የደም ግፊትና የአስም ታካሚዎች ሕክምናቸውን አቋርጠው የሚያገረሽባቸው መጠን ደግሞ ከ50 እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። የደም ግፊቱ የጨመረበትን ሰው ማንም «አለቀልህ» አይለውም፤ መድኃኒቱን፣ ጨዉንና ጭንቀቱን ይጠይቀዋል። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ቀን ቃመ የተባለውን ሰው ግን ቡድኑ እንደ ከሃዲ ያየዋል። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ተመልሶ አይመጣም፤ ከቀረ ደግሞ አንዱ ቀን ሳምንት፣ ሳምንቱም ዓመት ይሆናል። የብዙ ስብስቦች መፍረሻ ይኸው ነው። የወደቀ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ተገኝቶ «ማክሰኞ ቃምኩ» ሲል፣ ያን ያህል የሚጠቅም ትምህርት ከሌላ ሰው አይገኝም፤ ምን ቀደመው? ከማን ጋር ነበር? አልበላም ነበር? ተጣልቶ ነበር? ደመወዝ የተቀበለበት ቀን ነበር? ከዚያ በፊት የቆየባቸው ሦስት ወራትም አልጠፉም፤ የተኛበት እንቅልፍ፣ የከፈለው ዕዳ፣ ከልጆቹ ጋር ያሳለፈው ከሰዓት በኋላ የእሱ ነው።

በተቃራኒው ቤተሰብ «ጨርሶ ካልወደቀ አይነቃም» ብሎ እጁን አጣጥፎ ሲጠብቅ ይታያል። ለዚህ አባባል የሚቀርብ ማስረጃ የለም። በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚደረግ አጭር ምክር እንኳ አብዝተው የሚጠጡ ሰዎች መጠጣቸውን እንዲቀንሱ እንደሚረዳ የሚያሳዩ ጥናቶች ለአሥርት ዓመታት ሲወጡ ኖረዋል። ሥራውን፣ ትዳሩንና ጤናውን ያላጣ ሰው ለመዳን የሚይዘው ብዙ ነገር አለውና መጠበቁ የሚያስቀድመው ጥፋትን ብቻ ነው።

የሴቶች ጉዳይ ብቻውን ሰፊ ጽሑፍ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ የተናገሩት ወንዶች 27 በመቶ፣ ሴቶች 12 በመቶ ነበሩ። ከስምንት ሴት አንዷ ገደማ ማለት ነው። በማገገሚያ ስብሰባ ላይ ግን ሴት ብትገኝ የልጇን ወይም የባሏን ችግር ይዛ ነው። በድሬዳዋና በሐረር የጫት መደብ ላይ በብዛት የሚቀመጡት ሴቶች ናቸው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቅጠሉ እጃቸው ላይ ነው፣ ሲሸጡ የሚቅሙም ብዙ ናቸው። ይህችን ሴት ወንዶች ብቻ ወደተሰበሰቡበት አዳራሽ መጥራት ማለት እንዳትመጣ መንገር ነው። የሴቶች የብቻ ስብሰባ፣ በሴት የጤና ባለሙያ የሚመራ፣ ልጅ ይዞ መምጣት የሚፈቀድበት ቢሆን የተሻለ ይሆናል።

ይህች ሴት ሌላም ጉዳይ ታነሳለች። በሐረርጌ ብዙ ገበሬ የቡና ማሳውን ነቅሎ ጫት ተክሏል፤ የልጆቹን የትምህርት ወጪ የሚሸፍነው ጫቱ ነው። ስለ ጫት ሱስ የሚደረግ ንግግር በገበሬውና በነጋዴዋ እንጀራ ላይ የተቃጣ መስሎ ከታየ፣ ግማሹ ከተማ ከመጀመሪያው ይሸሻል። የማገገሚያ ቡድን የንግድ ፖሊሲ የሚወስን አካል አይደለም፤ ይህንን በግልጽ ቢናገር፣ ጫት የሚሸጥ ሰው ራሱ መቃሙን ማቆም አቅቶት እርዳታ ሲፈልግ ያለ ሐፍረት በሩን ሊያንኳኳ ይችላል።

ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ይቀራሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። አብዛኞቹ ስብሰባዎች የሚጠሩት ማታ ከሥራ በኋላ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የሐራራው ሰዓት ግን ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስብሰባው በዚያው ሰዓት፣ በጥላ ሥር፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሆጃ የተባለው የአካባቢው ትኩስ መጠጥ ወይም ሻይ እየተጠጣ ቢካሄድ፣ ሰውዬው ያጣውን ከሰዓት በኋላ በዚያው በለመደው መልክ መልሶ ያገኛል፤ የግድ ሁልጊዜ ስለ ሱስ መወራትም የለበትም፣ ኳሱም ገበያውም ይወራ። ሥራ ላለበት ሰው በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ዓርብ፣ ይበቃ ይሆናል።

ሁለተኛው ምስጢር ነው። ድሬዳዋ ትልቅ ከተማ ብትመስልም ሁሉም ሰው የሁሉም ዘመድ ወይም የሠፈር ልጅ ነው፤ ጀጎል ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ራሱ የጋራ ነው። በስብሰባ የተነገረ ነገር በማግስቱ ቀፊራ ገበያ ላይ ከተሰማ ያ ስብሰባ አበቃ። ስለዚህ ስም መመዝገብ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ለለጋሽ ወይም ለቀበሌ ሪፖርት ሲባል የአባላትን ዝርዝር መላክ ሊቀር ይገባል፤ የአባላቱ ቁጥር ብቻ ይበቃል። ከድል ጮራ ወይም ከሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አንድ ነርስ በወር አንድ ጊዜ በስብሰባው ቢገኝ፣ መጠጥ ሲያቆም እጁ የሚንቀጠቀጠውን፣ እንቅልፍ አጥቶ ድምፅ የሚሰማውንና ራሱን የማጥፋት ሐሳብ የሚመላለስበትን ሰው ቀድሞ ለይቶ ወደ ሆስፒታል ሊልከው ይችላል፤ ከስብሰባ የቀረ አባል ሲኖርም በዚያው ቀን ደውሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አስቀድሞ ይመደብ።